ላይኛው አልጋ ላይ ማን ይተኛ?

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በየቤቱ ባልና ሚስት የሚከራከሩበት ነው፤ ተደራራቢ አልጋ። አንዱ «እናሠራ፣ ቦታ እናተርፋለን» ይላል። ሌላው «ልጁ ወድቆ ቢሰበርስ?» ይላል። አያት ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ ክርክሩን ባንድ አፍ ይዘጉታል፤ «ምን አስቸኮላችሁ? ከእኔ ጋር ይተኛል!»

ክርክሩን ያመጣው ጥበት ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለትና ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ወለሉን በስንዝር እየለካ ነው የሚኖረው። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ሲገባ የቁም ሣጥኑ በር አይከፈትም፤ ቁም ሣጥኑ ሲጠጋ ደግሞ የክፍሉ በር አይዘጋም። ወለሉ ሲያልቅ ዐይን ወደ ጣሪያ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ተደራራቢ አልጋ የሚያሠሩ ወላጆችን ልወቅስ አልመጣሁም። ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ካምፕ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ዶርም ውስጥ ላይ የሚተኛው የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው። እኛ የምናወራው የወተት ጥርሱ ገና ስላልወለቀ ልጅ ነው።

ባለፈው ሳምንት የደወሉልን አንዲት እናት እንዲህ ብለው ነበር የጠየቁት፦ «ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ አራት። ላይ ካልተኛሁ ብላ የምታስቸግረኝ እሷ ናት፤ እሱ ምንም አላለም። መውጣት እንደሆነ ጦጣ ናት፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?»

መልሴ አጭር ነው፤ አይፍቀዱላት። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

እኚህ እናት የነገሩን ቀን ስለምትሮጠው ልጅ ነው። አልጋው ላይ የምታድረው ግን እንቅልፍ የወሰዳት ልጅ ናት። ቀን ዐይኗ ያያል፣ እጇ ይጨብጣል፣ ስትንገዳገድ ሚዛኗን ትመልሳለች። ሌሊት ይህ ሁሉ ችሎታ አብሯት ይተኛል። ትንንሽ ልጆች ተኝተው እንዴት እንደሚዞሩ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ራስጌ ያስተኛችሁትን ግርጌ ታገኙታላችሁ፣ ብርድ ልብሱም መሬት ወርዶ ይጠብቃችኋል። አንዳንዱ ልጅ፣ በተለይ በእንቅልፉ የመጀመሪያ ሰዓታት፣ ሳይነቃ ብድግ ብሎ ይቀመጣል፣ ይጮኻል፣ ይራገጣል፤ ጠዋት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም። የሽንቱም ነገር አለ። ሌሊት ሽንቱ የመጣበት የአራት ዓመት ልጅ የሚነሣው ግማሽ ልቡ ተኝቶ ነው፤ መቆየትም አይችልም። በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ መሰላሉን በእግሩ እየዳበሰ ሊፈልግ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ እንዳይተኛ ይመክራል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደኅና ለመውጣትም ሆነ ሲወድቅ ራሱን ለማትረፍ የሚያስችለው የእጅና የእግር ቅንጅት ገና አልጠናም። በዚያው አገር የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ያወጣውና እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ የዋለው ደንብም አምራቾች ይህንኑ ዕድሜ አልጋው ላይ በማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ ያስገድዳል። አውሮፓውያንም በስድስት ይስማማሉ። አውስትራሊያ ግን ጠበቅ አድርጋ ዘጠኝ ትላለች። ቁጥሩ ለምን ተለያየ ብላችሁ አትጨነቁ። እኔ የምረዳው ስድስት ማለት ከዚያ በታች ጨርሶ አይሆንም ማለት እንደሆነ ነው እንጂ፣ ልጁ ስድስተኛ ልደቱን ባከበረ ማግሥት ይውጣ ማለት አይደለም።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2005 ያለውን የአገሪቱን መረጃ አጥንተው በ2008 አሳትመዋል። በተደራራቢ አልጋ ምክንያት ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የመጡት ልጆችና ወጣቶች በየዓመቱ በአማካይ ወደ 36,000 ይጠጉ ነበር። ግማሾቹ ከስድስት ዓመት በታች ነበሩ። ከአራቱ ጉዳት ሦስት የሚጠጋው መውደቅ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው አልጋው በፋብሪካ በሚሠራበት አገር ነው። መኝታ ቤታቸውም ብዙ ጊዜ ወፍራም ምንጣፍ አለው። የእኛ ወለል ሴራሚክ ነው፤ ካልሆነም ሊሾ።

ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ አካል መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ደግሞ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅና ከባድ ስለሆነ ቀድሞ መሬት የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው። አልጋው ሥር ስስ ምንጣፍ ጣል ማድረግ እግር ያሞቅ እንደሆነ እንጂ ለዚህ አይበቃም።

አሁን ወደ ብየዳ ቤቱ እንሂድ፤ የአልጋው ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ነውና። በእኛ አገር አብዛኛው ሰው ተደራራቢ አልጋ የሚያሠራው በትእዛዝ ነው፤ ወይ ብረት ቤት፣ ወይ አናጺ ጋ። ሄዶ ምን ይላል? «ባለ ዘጠና ተደራራቢ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን።» ያለቀ የደቀቀ ነገር ይመስላል። ሠሪውም ቱቦላሬውን ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ለላይኛው ዙሪያ የምታምር መከታ ያደርግለታል። እንበል መከታዋ ከርብራቡ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ትላለች። ባዶውን አልጋ ስታዩት በቂ ነው። ከዚያ ፍራሽ ቤት ትሄዱና ልጄን ይመቸው ብላችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ትገዛላችሁ። ፍራሹ ሲገባ ከመከታው ላይ የቀረው አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። ልጁ ተገላብጦ ሲመጣ የሚያግደው አምስት ሴንቲ ሜትር! ብርድ ልብሱ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

የአሜሪካው ደንብ መከታው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል ይላል፤ የአውሮፓው ደረጃ 16 ያደርሰዋል። እኔ ብትሰሙኝ የአውሮፓውን ያዙ። ስለዚህ መጀመሪያ ፍራሹን ግዙ ወይም ቢያንስ ውፍረቱን ወስኑ፤ ከዚያ ወደ ብረት ቤት ሂዱ። ፍራሹ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መከታው ከርብራቡ ቢያንስ 31 ሊሆን ነው። ፍራሹ 20 ከሆነ 36። ላይኛው አልጋ ላይ ወፍራም ፍራሽ ማድረግ ራሱ ትርፉ ድካም ነው። ሳሳ ያለው ይሻላል፤ ለልጅ ጀርባ ችግር የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጭቅጭቅ ስለ ግድግዳው ነው።

«ወንድሜ፣ መከታው በግድግዳውም በኩል ይኑርልኝ።»

«እናቴ፣ ግድግዳ አለ አይደል እንዴ? ብረት ማባከን ነው እኮ።»

ሠሪው ለእናትየዋ ገንዘብ አዝኖ ነው፤ ግን ተሳስቷል። አልጋ ከግድግዳ ጋር አይጣበቅም። ከሥር ያለው የሴራሚክ ጠርዝ ገፋ ያደርገዋል፤ ልጆች ሲዘሉበት፣ ሲጠረግ ሲወለወል ደግሞ ትንሽ በትንሽ ይሸሻል። በአልጋውና በግድግዳው መካከል በሚፈጠረው ክፍተት ልጅ ሊሾልክ ይችላል፤ ሾልኮም መሬት አይደርስ ይሆናል። ለዚህ ነው የአሜሪካው ደንብ በግድግዳው በኩል ያለው መከታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይቋረጥ እንዲሄድ የሚጠይቀው። በሌላው ጎን ለመውጫ ክፍተት ይፈቀዳል፤ እሱም ከ38 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ።

ስለ ክፍተት ካነሣሁ አይቀር፣ ከመውደቅ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ልጅ ሲወድቅ ድምፅ አለ፣ ይጮኻል፣ ሰው ይደርሳል። መከታው ላይ በተራራቁ ብረቶች መካከል፣ ወይም በመከታውና በፍራሹ መካከል የተያዘ ልጅ ግን ላይጮህ ይችላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ በእግሩ በኩል ይሾልካል፤ እግሩ ያልፋል፣ ዳሌው ያልፋል፣ ደረቱ ያልፋል፤ ጭንቅላቱ ግን ሰፊ ስለሆነ አያልፍም። አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለዚህ ነው ከመውጫው በቀር በላይኛው አልጋ ላይ ያለ ማናቸውም ክፍተት 9 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነገር እንዳያሳልፍ የሚደነገገው። ቤት ውስጥ ለመለካት ሜትር ባይኖራችሁ እንኳ ካርቶን በ9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ በየክፍተቱ ሞክሩት። ካለፈ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ አንድ ብረት ይጨመርበት። አደራ፣ በገመድ ወይም በጨርቅ ጠልፋችሁ አትዝጉት፤ እሱ ሌላ ወጥመድ ነው።

ስለ ገመድ ሌላም ነገር አለኝ። ልጆች ተደራራቢ አልጋ ሲያዩ ቤት መሥራት ይፈልጋሉ፤ ከላይ ነጠላ ያንጠለጥላሉ፣ ቀበቶ ያስራሉ፣ የመዝለያ ገመድ ይቋጥራሉ። ልጅ ከፍታ ላይ ሆኖ አንገቱ አጠገብ የታሰረ ነገር አይኑር። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ አጎበር አላችሁ። አጎበር አይቅር፤ ወባ ከአልጋው በላይ የምታስፈራ ናት። ግን ለላይኛው አልጋ የሚሰቀለው አጎበር ማሰሪያው ከልጁ እጅ ይራቅ፤ ትርፍ ገመዱ ይቆረጥ፤ ጨርቁም ፍራሹ ሥር በደንብ ተጠቅጥቆ ይግባ። የላይኛው አጎበር ጫፍ ታችኛው ልጅ ፊት ላይ ወርዶ የሚንዘላዘል ከሆነ ሁለት አጎበር በወጉ መስቀል አልተቻለም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሁለቱን ዝቅ አድርጎ ማስተኛት ይቀላል።

ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ያላችሁ ደግሞ ወደ ላይ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ የሚዞር ቬንትሌተር ካለ እዚያ ክፍል ውስጥ ላይኛው አልጋ የሚቆመው እጅ ከማይደርስበት ርቀት ነው። አውስትራሊያውያን ሁለት ሜትር ይላሉ፤ በእኛ ክፍል ስፋት ሁለት ሜትር ማግኘት ብዙ ጊዜ የማይሞከር ነው፤ ስለዚህ ወይ ቬንትሌተሩ ወይ አልጋው። ደጋ ያላችሁም አምፖሉን እዩት፤ ልጁ ተቀምጦ የሚነካው ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር።

ግን ከሁሉ በፊት መስኮቱን። ይህን ሁለት ጊዜ ብለው ደስ ይለኛል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች አልጋውን የምናስጠጋው ብርሃን ያለበት ወደ መስኮቱ ነው። ተራ አልጋ ላይ የቆመ ልጅ መስኮቱን በአገጩ ይደርስበታል። ተደራራቢው ላይ ያለ ልጅ ግን መስኮቱ ከጉልበቱ በታች ነው። ያን ጊዜ የአልጋው መከታ ምንም አይሠራም፤ የሚወድቀው ወደ ክፍሉ አይደለምና። የብረት ፍርግርግ ከሌለው መስኮት አጠገብ ተደራራቢ አልጋ አይቁም። አልጋውን የሚያስቀምጥ ሌላ ግድግዳ ከሌለ፣ ወይ ፍርግርግ ይሠራለት፣ ወይ አልጋው ይቅር።

እንግዲህ ወደ ደዋያችን ልመለስ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ላይ፣ የአራት ዓመቷ ታች ይተኙ ብንል አንዱ ነገር ተፈታ። ሆኖም ልጅቷ ጦጣ ናት ብለውናል። ታች ተኝታለች ማለት ላይ አትወጣም ማለት አይደለም። ስለዚህ መሰላሉ ተነቃይ ሆኖ፣ በመንጠቆ ተሰክቶ ይሠራ። ቀን ተነቅሎ እናት ክፍል በር ጀርባ ይቀመጥ። ማታ ትልቁ ልጅ ሲወጣ ይሰካ፤ እሱ ላይ እያለ ግን ፈጽሞ አይነቀል፤ ሌሊት መውረድ ሲፈልግ ዘሎ ነው የሚወርደው። ቀን መሰላሉን መንቀል በተለይ የጎረቤትና የዘመድ ልጆች ለሚመጡበት ቤት ጠቃሚ ነው። የራሳችሁን ልጅ መክራችሁ ይሆናል፤ እሁድ ከሰዓት የመጣው የአክስት ልጅ ግን ተደራራቢ አልጋ ሲያይ ገና የመጀመሪያው ነው።

ሁለቱም ልጆች ከስድስት በታች ቢሆኑስ? ያን ጊዜ እኔ የምመርጠው አሠራር ይህ ነው። ሁለት አልጋ ለየብቻ የሚቆሙ ሆነው ይሠሩ፤ እግሮቻቸው ግን በኋላ አንዱ ባንዱ ላይ እንዲሰካ ተደርገው። ለብረት ሠሪ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከወፈረው ቱቦላሬ ውስጥ የሚገባ መሰኪያና ከጎን የሚያጠብቀው ቡሎን ነው። ዛሬ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ትልቁ ሲደርስ ይደረባሉ። ቦታው ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ አንዱ አልጋ ከሥሩ የሚሳብ ሌላ ዝቅተኛ አልጋ ይኑረው። ቀን ይገፋል፤ ማታ ይሳባል። ከዚያ ላይ የወደቀ ልጅ ከነ እንቅልፉ ተመልሶ ይተኛል።

ሥሩ ጠረጴዛ ያለው ባለ አንድ ፎቅ አልጋ አሁን አሁን በየፈርኒቸር ቤቱ ይታያል። ለአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ድንቅ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ግን ቢሮ አያስፈልገውም። ከፍታው ያው ነው፣ አደጋው ያው ነው፤ ታች የሚተኛበት አማራጭ እንኳ የለውም። አያቶቻችን መደብ ላይ ሲተኙ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ ነበር፤ ቆጥ ላይ የሚያድሩት ዶሮዎች ናቸው።

ስድስት ዓመት ያለፈው ልጅም ቢሆን ሁሉም ለላይኛው አልጋ ይሆናል ማለት አይደለም። በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ የሚሄድ ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ታች ይተኛ። ታሞ ትኩሳት የያዘው ማንኛውም ልጅ እስኪድን ድረስ ወደ ታች ይውረድ፤ ሌሊት ሲያስመልሰው እናቱ መሰላል ላይ ቆማ ልትይዘው አትችልም። ከእንግዲህ ያለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ መሰላሉ አዙሮ የሚወርደው ልጅ አለ፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ መዝለል የሚቀናውም አለ። የመጀመሪያው በሰባት ዓመቱ ይሆናል፤ ሁለተኛው ዘጠኝ እስኪሞላው ቢቆይ አይጎዳም።

ታችኛው አልጋ ደኅና ነው ብላችሁ ደግሞ ሕፃኑን እዚያ አታስተኙ። ከላይ መጫወቻ ይወድቃል፣ የውኃ ጠርሙስ ይወድቃል፣ አልፎ አልፎም ወንድም ይወድቃል። የላይኛው ርብራብም በየጊዜው መታየት አለበት፤ ታች ጋደም ብላችሁ ቀና ስትሉ የተሰነጠቀ ጣውላ ወይም የለቀቀ ብየዳ ይታያችኋል። ከመርካቶ ያገለገለ የብረት አልጋ የምትገዙ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት፤ ነቅነቅ አድርጉት፣ ቡሎኑን ዳብሱት፣ ቀለም የተደረበበትን መገጣጠሚያ በጥርጣሬ እዩት። ውጭ አገር ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትከታተሉን፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ከሰው እጅ የምትገዙት አልጋ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ከሆነ አሁን የነገርኳችሁን የመከታና የክፍተት ልክ ላያሟላ ይችላልና ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊወድቅ ይችላል። ከወደቀ በኋላ አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ ወይም ራሱን ከሳተ አታንሡት፤ እንዳለ አቆዩትና እርዳታ ጥሩ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከተጫጫነው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከጆሮው ከአፍንጫው ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ ነገ ጠዋት አይባልም፤ ያን ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወልለታል። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ በዚያች ደቂቃ ማንም ሰው ቁጥር አያስታውስም።

ደዋያችን እየሰሙን ከሆነ፣ ልጅቷ ታች መተኛቷን እንደ ቅጣት እንዳታየው አንድ ነገር ይሞክሩ። የታችኛው አልጋ ዙሪያ የእሷ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሏን ትለጥፍ፣ መጫወቻዋን ትደርድር፣ ወንድሟም ሳያስፈቅዳት አይቀመጥባት። ብዙ ጊዜ ልጅ «ላይ ካልተኛሁ» የሚለው ከፍታውን ፈልጎ ሳይሆን የራሱ የሆነ ቦታ ፈልጎ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ወጥ ቤትና ስለ ልጆች ቃጠሎ እናወራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።